መንገዱ ሁሉ ያወቀው መርዶ

የእናቴ አርባ ሲቃረብ መሪጌታው አጎቴ ቁስቋም ወዳለው ቤታችን ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና “ወንድምሽ ከጋላባት እንዲመጣ ተወስኗል” አለኝ። ተወስኗል! የሟች ታላቅ ልጅ እኔ፣ ዓይኗን በእጄ የከደንኩት እኔ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከቤት ሳልወጣ የከረምኩት እኔ፤ ውሳኔውን ግን የትኛው ደጅ ተቀምጠው እንደጨረሱት እስከ ዛሬ አላውቅም። ለነገሩ ወንድሜ መምጣት ነበረበት። እናታችን መሞቷን እንኳ አልሰማም። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ይጠፋል፤ ቢሠራስ መርዶ በስልክ የሚናገር ሰው በኛ ዘር አልተፈጠረም።

በኛ ዘንድ ሞት ለባለቤቱ አይነገርም፣ ይደበቃል። ሰውየው በሰበብ ይጠራል፣ ዘመድ ቤት ይገባል፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጡና ያረዱታል። በባዶ ሆዱ እንዳይሰማ፣ ብቻውን እንዳይሰማ፣ ጎዳና ላይ እንዳይሰማ። ይህን ደግነት ይሉታል። ለኔ ግን ሰውን በገዛ እናቱ ሞት የመጨረሻውን ተራ ማስያዝ ነው። ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ ድንኳን ተካዩ ሁሉ አውቆ ከጨረሰ በኋላ ልጇ ይሰማል።

“ምነው እኔ?” አልኩት አጎቴን። “ይሄ ሁሉ ወንድ እያለ?”

“ወንድ ከሄደ ወይ ይታገታል ወይ ይጠረጠራል። ማኪናውም ያንቺ ነው። ሴት ናት ብለው ያሳልፉሻል።”

“ሄጄስ ምን ልበለው?”

“እናትህ ትንሽ አሟታል በይው። ከዚያ አዘዞ እኔ ቤት ታደርሽዋለሽ፤ የቀረውን ለኛ ተዪው። ጥቁሩንም አውልቂ፣ ገና ሲያይሽ እንዳይነቃ።”

ጥቁሩን አውልቂ ሲለኝ ደሜ ፈላ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ “ተይ እንጂ፣ ሥርዓት ነው” አለኝ፤ ፊቴን ብቻ አይቶ ነው። አብሮኝ ሊሄድ የማለ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሌሊቱን ሆዱን አመመው። ሲነጋ አረንጓዴ አበባ ያለበት ቀሚስ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ጥቁሬን እንደለበስኩ ብቻዬን ቪትዝ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ድንበሩ ሲቃረብ እቀይራለሁ አልኳቸው። እስከዚያ የእናቴ ሐዘንተኛ ነኝ።

ስለ ወንድሜ ልናገር። ዲያቆን ነበር። አጎቴ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማ የተማረ፣ ድምፁ የተሰማ ቀን ሴቶቹ እናታችንን ከበው “ማሕፀንሽ ይባረክ” የሚሏት ልጅ። አንድ ቀን ድቁናውን ትቶ አዘዞ መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት ተቀጠረ። ጎማ ሲነቅል፣ ጎማ ሲለጥፍ የሚውል ሰው ሆነ። ግሪስ የነካ እጁን ይዞ ሲመጣ እናቴ በሩን ዘጋችበት፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ በቤቱ እንዳይነሳ ከለከለች። እሱም ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ቁልቁል ወደ መተማ ወረደና ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ላይ የራሱን ጎሚስታ ቤት ከፈተ። የሱዳን ጦርነት ተነስቶ ሰዉ ሁሉ ወዲህ ሲጎርፍ እንኳ ንቅንቅ አላለም። ስልክ በተገኘ ቁጥር ና እያልኩ ለምኜዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ “እሷ ትጥራኝና በዚያው ቀን እመጣለሁ።” አልጠራችውም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አጎቴም ያውቃል።

ከአዘዞ እንደወጣሁ የመጀመሪያው የኬላ ገመድ መንገዱ ላይ ተወጥሯል። አንድ ወታደር በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ወንበር አየና “ብቻሽን? በዚህ መንገድ?” አለኝ።

“እናቴ ሞታ ወንድሜን ልጠራ ነው” አልኩት።

መታወቂያዬን ሳያገላብጥ መለሰልኝ። “ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናሽ” ብሎ ገመዱን ጣለ። በሕይወቴ ከያዝኩት የይለፍ ወረቀት ሁሉ የእናቴ ሞት በለጠ። ዐቀበቱን ስወጣ ግን ንዴቱ ቀስ እያለ መጣብኝ። ስሜን ለማያውቅ ወታደር በአንድ ትንፋሽ የተናገርኩትን፣ ከአንድ ማሕፀን ለወጣው ወንድሜ እንዳትናገሪ ተብያለሁ። መሪውን በመዳፌ መታሁት። ጥሩምባው ጮኸና ከፊቴ የነበረው አህያ ነጂ ዞሮ ሰደበኝ። እኔም ሰደብኩት፣ ትንሽ ቀለል አለኝ።

አይከልን ካለፍኩ በኋላ መንገዱ መውረድ ሲጀምር ሁለተኛውን ገመድ አገኘሁት። እነዚህኞቹ ዩኒፎርም የላቸውም፣ መሣሪያ ግን አላቸው። ከመኪናዬ አስወረዱኝ። የወንበሩን ልብስ ገለበጡ፣ ትርፍ ጎማውን አውጥተው አፈሩ ላይ ጣሉት፣ ስንቄን ከፍተው አሸተቱ። ብቻዬን ከገደሉ አፋፍ ቆሜ የሰው እጅ በዕቃዬ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ። ፈርቼ ነበር፤ መፍራቴ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። በመጨረሻ አንዱ፣ ሽበት ጣል ያደረገበት፣ ቦርሳዬን ዘርግፎ አረንጓዴውን ቀሚስ አነሳው።

“ጥቁር ለብሰሽ ይሄን ምን ልታደርጊው ነው?”

ነገርኩት። እናቴ መሞቷን፣ ወንድሜ አለመስማቱን፣ አሟታል ብዬ እንደማመጣው፣ ድንበሩ ጋ ስደርስ ልቀይረው መሆኑን። ሰውየው ቀሚሱን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ መሣሪያውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ ቀሚሱን አራግፎ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥሞ አጥፎ ቦርሳዬ ውስጥ መለሰው።

“እግዜር ያጥናሽ እቴ። ሸጋ አረግሽ። መንገድ ላይ እንዳይሰማ! ወጉ እንዲህ ነው።”

መንገድ የዘጋብኝ ሰው ወግ አስተማረኝ። ትርፍ ጎማውን ራሳቸው ጫኑልኝ፤ “እንዳታነቂው” እያሉ ሦስቱም በየተራ መከሩኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ ጮክ ብዬ እየተሳደብኩ ነበር። ማንን እንደምሳደብ በደንብ አልለየሁትም፣ ሁሉም ይደርሰዋል።

ቆላው ሲጀምር የመኪናው ብረት አላስነካ አለ። ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ አንዲት ሻይ ሻጭ ጓዳዋን ለቀቀችልኝና ጥቁሬን አወለቅኩ። ጸጉሬን በሐዘኑ አሳጥሬዋለሁ፣ በዚያ ሙቀት ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። የሻይ ሻጯ ትንሽ መስታወት ላይ ፊቴን አየሁት፤ ሠርግ የተጠራች ሴት እመስላለሁ። ሴትየዋ አንዴ ጥቁሩን፣ አንዴ አረንጓዴውን አይታ “ማን ሊረዳ ነው?” አለችኝ። እሷም አወቀች።

መተማ ዮሐንስ ስደርስ መኪናዬን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሜ ወደ ድንበር ቢሮው ገባሁ። ከጠረጴዛው ኋላ የነበረው ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበር፤ ምክንያቴን ሲጠይቀኝ ምን ብዬ እዋሸዋለሁ? እሱም ሰማ፣ እሱም ነፍስ ይማር አለ። መታወቂያዬን አስቀርቶ “ይዘሽው ነይ፣ አላጉላላችሁም” አለኝና በእግሬ ወደ ድልድዩ ሄድኩ። ከወዲያ የሚመጡ ቤተሰቦች ፍራሻቸውንና ድስታቸውን ይዘው ከግንቡ ጥላ ተቀምጠዋል። ጄሪካን የጫነ ጋሪ አሳልፌ ማዶ ያለው ወታደር ጋ ስደርስ፣ ቀና ብሎ አየኝና በእጁ እለፊ አለኝ። የኛ አገር ሰው ስላልሆነ ነው መሰለኝ ምንም አልጠየቀኝም።

ወንድሜ ከወታደሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ልፈልገው እዞራለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ጢሙን ተላጭቷል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጥፍሩ ሥር ያለውን ግሪስ እስኪቀላ ድረስ ፈግፍጎታል። በአንድ እጁ የልብስ ቦርሳ፣ በሌላው ዚፕ ባለው ላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዟል።

“መምጣቴን ማን ነገረህ?” አልኩት ተሳስመን ሳንጨርስ።

“መሪጌታ በሾፌር ልከውብኝ የለም እንዴ! እናትህ ልትመርቅህ ጠርታሃለች፣ እህትህ መጥታ ትወስድሃለች አሉኝ።” ብርድ ልብሱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። “የቁስቋም ብርድ አሁን ይከብዳታል ብዬ ነው። እቴ፣ በራሷ አፍ ነው የጠራችኝ?”

አጎቴ ከኔ ጀርባ ይህን አድርጓል። ትንሽ አሟታል ብሎ መዋሸት አልበቃውም፤ ልጁ ስንት ዓመት ቁጭ ብሎ የጠበቃትን አንዷን ቃል ፈልጎ አግኝቶ ማጥመጃ አደረጋት። በዚያች ደቂቃ ሰውየው ከፊቴ ቢሆን ጥምጣሙን ከራሱ ላይ አወርደው ነበር፣ በእውነት እላለሁ። ግን ከፊቴ የነበረው ወንድሜ ነው፣ የቆምነውም የሰው አገር ወታደር ፊት ነው። “ና ቶሎ እንሂድ፣ ጸሐዩ በረታ” አልኩትና ቦርሳውን ተቀበልኩት።

ድንበር ቢሮው ስንገባ ሠራተኛው “ምን ልትሠራ ነው የምትመለሰው?” ሲል ጠየቀው፣ እንደ ደንቡ።

“እናቴ ልትመርቀኝ ጠርታኝ!”

ሠራተኛው ወደኔ ቀና አለ። ከዚያ ወደ ቀሚሴ። ከአንድ ሰዓት በፊት ነፍስ ይማር ያለኝ ሰው “ታድለህ” አለው ለወንድሜ፣ ፈገግ ብሎ። ቦርሳውን ሳይፈትሽ መታወቂያዬን መለሰልኝ። ስወጣ በሩን በኃይል ዘጋሁት።

መኪናው ውስጥ ብርድ ልብሱን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠና ቀበቶ አሰረለት። ከዚያ ማውራት ጀመረ። ምን ብላ ጠራችኝ? ከማን ጋር ሆና? ተቆጥታ ነው ወይስ አልቅሳ? ጋላባት ላይ እሑድ እሑድ የሚቀድሱበት ስላልነበረ ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ያዜም እንደነበር፣ ሾፌሮቹ ቆመው ይሰሙት እንደነበር ነገረኝ። ይህን ለእናታችን ይነገርልኝ ማለቱ ነው። እኔ “እህ” እና “አይ እንጃ” ብቻ እያልኩ ነዳሁ። “አሟታል እንዴ?” ሲለኝ “ትንሽ” አልኩት፤ ምላሴን ብነክሰው ይሻለኝ ነበር።

ሽበታሙ ታጣቂ ገና ከሩቅ አወቀኝ። ጠዋት የመኪናዬን ሆድ ዕቃ ያወጣው ሰው ገመዱን በገዛ እጁ አንስቶ ያዘልን። ከወንድሜ በኩል ባለው መስኮት ጎንበስ ብሎ “እንዴት ዋልህ ወንድሜ። እናትየዋ ተሻላት አሉ?” አለው ወደኔ እየጠቀሰ። ከጓደኞቹ አንዱ የውሃ ጠርሙስ አቀበለው፤ እሱ ለወንድሜ ሰጠው። “ጠጣ፣ ሙቀቱ ብርቱ ነው” አለው። ስንነሳ ትከሻውን መታ መታ አደረገና “አይዞህ” አለው።

ወንድሜ ጠርሙሱን ሳይከፍት ጭኑ ላይ ያዘው። ዳገቱን ግማሽ ያህል ወጥተን፣ ነፋሱ መቀዝቀዝ ሲጀምር “ጎማው ድምፅ አለው፤ አቁሚልኝ” አለኝ። ድምፅ አልነበረውም። ዳር ይዤ አቆምኩ። የብሎን ቁልፉን ከኋላ አውጥቶ ከፊት ጎማው ሥር ተንበረከከና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ማጥበቅ ጀመረ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር።

“መቼ ነው የቀበራችኋት?”

ወርጄ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። “እንዴት አወቅህ?”

“ጎማ ሊያስለጥፍ የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ስለዚህ ገመድ እያለቀሰ ነው የሚነግረኝ። ለኔ ውሃ ሰጡኝ። ድንበር ላይ ያለው ሰውዬ ቦርሳዬን አልከፈተም። እንዲህ የሚከበር ሐዘንተኛ ብቻ ነው።” ቁልፉን ገፋው፣ ብሎኑ ከዚህ ወዲያ አይጠብቅም ነበር። “ሻሽሽንም አይቻለሁ።”

ሁሉንም ነገርኩት። የተቀበረችበትን ቀን፣ የመጣውን ሰው፣ የአጎቴን ዕቅድ። ስነግረው እንባዬም ንዴቴም አንድ ላይ ይወጡ ነበር። እሱ ግን ሌላውን ሁሉ እንዳልሰማ ሆኖ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

“ጠርታኝ ነበር?”

ከጠዋት ጀምሮ ውሸታም ስረግም የዋልኩ ሴት ነኝ። መኪና ውስጥ ሆኜ፣ ሻይ ቤት ጓዳ ሆኜ፣ ድልድይ ላይ ሆኜ ረግሜያቸዋለሁ። ሰው እውነቱን የመስማት መብት አለው ብዬ ለራሴ ስሰብክ ነው የዋልኩት።

“አልጠራችህም” አልኩት። “አጎቴ የፈጠረው ነው።”

“በመጨረሻስ? ምንም አላለችም?”

“በድንገት ነው የሆነው። በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።”

ቁልፉን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገውና ተነሳ። ነጩ ሸሚዝ ጠቆረ። አላለቀሰም። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ “ማወቄን ለነመሪጌታ እንዳትነግሪ” አለኝ።

“ለምን ብዬ ነው የማልነግረው!” ጮህኩ።

“ደክመውበታል። ደግሞ ወጉ አይቅርብኝ። እንደ ሰው ልረዳ።”

አዘዞ ስንደርስ የአጎቴ ሚስት እየሳቀች ተቀበለችን፤ ሳቋ ሊሰነጠቅ የደረሰ ሳቅ ነው። እራት ቀረበ። ወንድሜ የቀረበለትን ሁሉ በላ፣ ጨምሩልኝ አለ። አጎቴ ከጎኑ ተቀምጦ እያጎረሰው “እናትህ ነገ ታይሃለች” ይለዋል፤ ወንድሜ “እሺ አባቴ” ይላል። እኔ አረንጓዴ ቀሚሴን ለብሼ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም። ይሄ ሁሉ ሰው እያወቀ፣ ተረጂውም እያወቀ፣ ሁላችንም ቁጭ ብለን እርስ በርስ እንጠባበቅ ነበር።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አጎቴ ወንድሜን በትከሻው ያዘውና “ልጄ ሆይ፣ እናትህ ከድካመ ዓለም አርፋለች” አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ደግ ሰው ነው፣ ይህን ልክድበት አልችልም። “ስምህን እየጠራች፣ እየመረቀችህ ነው ነፍሷ የወጣች።”

ወንድሜ ያሰማው ጩኸት የተለማመዱት ጩኸት አልነበረም። ራሱን መሬት ላይ ጣለ፤ አራት ሰው ነው የያዘው። ዳገቱ ላይ ያላለቀሰውን ሁሉ እዚያ አለቀሰው። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆሜ አጎቴን አፈጠጥኩበት። አላየኝም። ቢያየኝም የሚያፍር አይመስለኝም።

ቁስቋም ድንኳን ውስጥ ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ድረስ ከአጎቴ አጠገብ ተቀመጠ። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ አጎቴ “እየመረቀችው ነው ያረፈችው” ይላል፤ ሰዉ ራሱን ይነቀንቃል። ስሙን በቤቷ ያስከለከለች ሴት በአንድ ቀን ልጇን ስትጠራ የሞተች ሆነች። ኋላ ወንድሜ ተነስቶ እኔ ወዳለሁበት ከቤቱ ጀርባ መጣ። ዓይኑ አብጦ ነበር።

“መርቃኛለች” አለኝ።

“መንገድ ላይ የነገርኩህስ?”

“አልረሳሁትም።” ወደ መሬት አየ። “ግን እቴ፣ አንቺ ውሃ ልታመጪ ወጣ ብለሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ይሆናል የጠራችኝ።”

አጎትህ የዚያን ቀን አዘዞ ነበር፣ እሱ ከየት ሰማ ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ በፊት ባልተናደድኩት ንዴት። በአጎቴ አይደለም፣ ገመድ በያዙትም አይደለም። በእናቴ ነው። አፈር ተመልሶባት፣ ድንኳኗ ተተክሎ፣ ጥቁሯን ለብሼ በእሷ ተናደድኩ። አንድ ስም መጥራት ምን ያቅታት ነበር? ስለ በር ለመናገር የበቃ ትንፋሽ ለልጇ እንዴት ያንሳል?

ወንድሜ ፊቴን እያየ ይጠብቀኝ ነበር።

“ወጥተሽ ነበር?” አለኝ።

“ወጥቼ ነበር” አልኩት።

ፊቱን በእጁ ጠረገና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። እኔ እጇ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሳሁም ነበር።